ተናኘ በወርቅ ሚዛን የመዘነቻቸው ኮከቦች

ልጅዎ የሚለብሰውን የተማሪ ዩኒፎርም ማን እንደ ቆረጠው ጠይቀው ያውቃሉ?

አልጠየቁም። እኔም ጠይቄ አላውቅም ነበር። ኮሌታው ከተጣመመ ልብስ ሰፊውን እንሰድባለን፤ ካልተጣመመ ዝም ብለን እንለብሳለን። ነፋስ ስልክ አካባቢ ከሚለበሰው ዩኒፎርም አብዛኛውን የምትቆርጠው ተናኘ የምትባል የአርባ ዓመት ሴት ናት። ይህች ሴት ሁለት ኮከቦች እርስ በርስ ሲዟዟሩ ምን ያህል ኃይል ወደ ጠፈር እንደሚለቁ፣ በዚህም ምክንያት በየዓመቱ ምን ያህል እንደሚቀራረቡ፣ በመቀስ፣ በወረቀትና በሚዛን አስልታለች። ያገኘችው መልስ ትክክል ነው። አንድ ዶክተር ግን ስህተት ነው ብሎ ፈርሞባታል። ተናድጃለሁ። ንዴቴ እስኪበርድ ልጠብቅ ብል ደግሞ ምዝገባው ይዘጋል።

የምን ምዝገባ? ከመጀመሪያው ልጀምር።

ከበበው እባላለሁ። ድሮ አስተማሪ ነበርኩ፤ አሁን ነፋስ ስልክ ውስጥ አንዲት ጠባብ የጽሕፈት መኪና ቤት አለችኝ። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ውል እጽፋለሁ፣ በተረፈኝ ጊዜ ለመጽሔት እጽፍና ከሰው እጣላለሁ። ተናኘ የምትሠራበት ስፌት ቤት ከእኔ ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል። የስፌት መኪናዎቹ ሲነሡ የእኔ ጠረጴዛም አብሮ ይንቀጠቀጣል። ለሁለት ዓመት ከእግዜር ሰላምታ በቀር ተነጋግረን አናውቅም ነበር። ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ፣ በምሳ ሰዓት፣ የተጠቀለለ ቡኒ ወረቀት በብብቷ ይዛ ገባች። የልብስ ልክ የሚነደፍበት ሰፊው ወረቀት ነው።

«ጋሽ ከበበው፣ መኪናህ የግሪክ ፊደል አለው?»

«አማርኛውም በቅጡ የለው! ‹ጨ› ከተሰበረች ወር ሆናት።»

«እንግዲያው ቦታውን ክፍት ተውልኝ። በእጄ እጽፈዋለሁ።»

ወረቀቱን ዘረጋችው። ጠረጴዛዬ አልበቃውም፤ ወርዶ እስከ በሩ ደረሰ። በአንዱ ገጽ የእጅጌና የኮሌታ ልክ ተነድፎበታል። በሌላው ገጽ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ በደቃቅ እርሳስ የተጻፈ ስሌት ሞልቶበታል።

«ይሄ የማን ነው?» አልኳት።

«የእኔ ነዋ።»

«ማለቴ… የጻፈው ማን ነው?»

አየችኝ። ስታየኝ ያፈርኩትን እፍረት እስካሁን አልረሳሁትም። በዚህ ጽሑፍ የምቆጣው በሌላ ሰው ላይ ብቻ እንዳይመስላችሁ።

ተናኘ በ1969 ዓ.ም. የሦስተኛ ዓመት የፊዚክስ ተማሪ ነበረች። በዚያ ዓመት ከማደሪያ ክፍሏ ተወሰደች፤ አራት ዓመት ታሰረች። ልብስ መቁረጥ የተማረችው እስር ቤት ውስጥ ነው። ስትፈታ ወደ ትምህርቴ መልሱኝ ብትል «ፋይልሽ የለም» ተባለች። መንግሥት ተለወጠ፣ እንደገና ጠየቀች፤ ፋይሉ አሁንም የለም። አምና ግን አንድ የከፍተኛ ትምህርት ተቋም የተሻለ መልስ ሰጣት። የተቋሙን ስም የማልጠራው ፈርቼ ሳይሆን ጥፋቱ የአንድ ሰው ስለሆነ ነው። በራሷ የሠራችውን አንድ ጥናት ታምጣ፤ የክፍሉ መምህር መርምሮ ካጸደቀላት በቀጥታ ሦስተኛ ዓመት ትገባለች። ካላጸደቀ ጥያቄዋ ይዘጋል፤ ሁለተኛ አይከፈትም። ነገሩ ሁሉ ይኸው ነው። አሥራ ስምንት ዓመት የተቋረጠ ትምህርት በአንድ ሰው ፊርማ ላይ ተንጠለጠለ።

ቀላል ነገር ይዛ መሄድ ትችል ነበር። የስፌት መኪናውን መዘውር አጥንታ ሁለት ገጽ ብትጽፍ የሚከለክላት አልነበረም። እሷ የመረጠችው ግን በሬዲዮ የሰማችውን ነው። በ1986 ጥቅምት ላይ፣ ጨርቅ እያነጠፈች ሳለ፣ የዓመቱ የፊዚክስ ሽልማት እርስ በርስ የሚዟዟሩ ሁለት ኮከቦችን ላገኙ ሰዎች ተሰጠ የሚል ዜና ሰማች። በማግስቱ ፈቃድ ጠይቃ ቤተ መጻሕፍት ሄደች። መጽሔት አገላብጣ፣ የሚያስፈልጋትን በእጇ ገልብጣ ተመለሰች።

እኔ የገባኝን ያህል ልንገራችሁ፤ ያስረዳችኝ እሷ ስለሆነች ካልገባችሁ ጥፋቱ የእኔ ነው። አንስታይን የዛሬ ሰማንያ ዓመት ገደማ እንዲህ አለ፦ ከባድ ነገሮች ሲዟዟሩ ቦታንና ጊዜን ራሳቸውን ያናውጣሉ፤ መናወጡ እንደ ሞገድ እየሰፋ ይሄዳል፤ ሞገዱ ኃይል ይዞ ስለሚሄድ ተዟዟሪዎቹ እየከሰሩ ይቀራረባሉ። ሞገዱን በመሣሪያ ይዣለሁ የሚል ሰው ይህን እስከምጽፍ ድረስ የለም። ሁለቱ ኮከቦች ግን አሉ። እያንዳንዳቸው ከፀሐይ ይከብዳሉ፤ ስፋታቸው ግን ከእንጦጦ እስከ ቃሊቲ ቢሆን ነው። በሰባት ሰዓት ከሦስት ሩብ አንድ ጊዜ ይዟዟራሉ። አንደኛው በሰከንድ አሥራ ሰባት ጊዜ ያህል የሬዲዮ ምልክት ይልካል፤ ይህ ማለት ሰማይ ላይ የተሰቀለ ሰዓት አለን ማለት ነው። በዚያ ሰዓት ሲለካ የዙሩ ጊዜ በየዓመቱ በሰባ ስድስት ሚሊዮንኛ ሰከንድ ያጥራል።

«ሰባ ስድስት ሚሊዮንኛ» አልኩ። «ይሄም ቁጥር ሆኖ?»

«በእያንዳንዱ ዙር ሦስት ሚሊሜትር ይቀራረባሉ ማለት ነው» አለችኝ። ከዚያ ከወንበሯ ብድግ አለች። «ጋሽ ከበበው፣ ሦስት ሚሊሜትር እኮ አንድ ስፌት ነው! መርፌዋ አንዴ ወርዳ እስክትወጣ! ፀሐይን የሚያህሉ ሁለት ነገሮች በየዙሩ አንድ ስፌት!»

ሥራዋ ይህን ሰባ ስድስት ከሌላው ጫፍ ተነስታ ማግኘት ነበር። ከሕጉ ተነስታ፣ የኮከቦቹን ክብደትና ርቀት ይዛ፣ ምን ያህል ሞገድ እንደሚለቁ አስልታ፣ ሰባ ስድስት ላይ መድረስ። አገኘሁ ብላ የመጣችው ስድስት ነጥብ አራት፣ ስድስት ተኩል ገደማ ነበር።

ሦስት ወር ፈጀባት። በየምሳ ሰዓቱ ከጨርቅ ክምር ጀርባ ተቀምጣ ትደምራለች፣ ታባዛለች፤ ስድስት ተኩል። እንደገና ከመጀመሪያው ትነሳለች፤ ስድስት ተኩል። ከጎኗ የምትሰፋው ማሚቴ በሩን አልፌ በሄድኩ ቁጥር ስትነዘንዛት እሰማለሁ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ኮከቦችሽ ዛሬም ምሳ አልበሉም?»

«እነሱማ እርስ በርስ ሊበላሉ ነው።»

«አንቺን ሳይበሉሽ በፊት ይቺን ሽሮ ቅመሽ!»

አንድ ቀን እኔ፣ ልማዴ ስለሆነ፣ ምናልባት የተሳሳቱት ፈረንጆቹ ይሆናሉ አልኳት። ሳቀችብኝ።

«ጋሽ ከበበው፣ አንተ ጠብ ስትፈልግ ነው። እነሱ የቆጠሩትን እኔ ባላገኘው ጥፋቱ የእኔ ነው።»

መልሱ የመጣው ከብብት ነው። አትሳቁ። ለሥራው አዲስ የሆነች አንዲት ልጅ ደርዘን ሸሚዝ ሙሉ የብብቱን ቀዳዳ ልክ እንደ ሳንቲም ክብ አድርጋ ቆርጣ አበላሸችው። ተናኘ ልጅቱን አልተቆጣቻትም። ቁራጩን አንስታ ታሳያት ጀመር። «ብብት ክብ ሆኖ አያውቅም። ዙሪያው ልክ ቢሆንም ከፊት ለፊት ይጠልቃል፣ ከኋላ ይዘረጋል። አንቺ መሃሉን ይዘሽ አዞርሽው…» ብላ ሳትጨርስ ቁራጩን እንደያዘች እየሮጠች ወደ እኔ ቤት ገባች።

«በአማካይ ነው የሠራሁት!» አለች። «የኮከቦቹ መንገድ ሞላላ ነው፤ አውቃለሁ፣ ጽፌዋለሁ እኮ! ስሌቱ እንዲቀለኝ ብዬ ግን አማካዩን ርቀት ይዤ በክብ አዞርኳቸው። እነሱ ደግሞ ሞገዱን የሚለቁት በአማካይ አይደለም። ሲጠጋጉ ነው። አብዛኛውን የሚለቁት በዚያች በምትጠጋጋዋ ጥቂት ደቂቃ ነው!»

አሁን የሚመጣውን ልብ በሉ። አገሪቱ ውስጥ ኮምፒውተር አለ፤ ግን እሷ ጋ የለም። ከዚህ በኋላ ያደረገችውን ባላይ ኖሮ አልጽፈውም ነበር።

አንድ ዙር አራት መቶ ስልሳ አምስት ደቂቃ ነው። ሦስት ደቂቃን አንድ ሴንቲሜትር አድርጋ በቡኒው ወረቀት ላይ አንድ ሜትር ከሃምሳ አምስት መስመር ዘረጋች። በእያንዳንዷ ሴንቲሜትር ላይ፣ ኮከቦቹ በዚያች ሰዓት የሚለቁትን ኃይል አስልታ በቁመት ምልክት አደረገች። አንድ መቶ ሃምሳ አምስት ቁመት፤ ኮከቦቹ የሚጠጋጉባት ሰዓት ላይ ደግሞ ምልክቶቹን ይበልጥ እያቀራረበች። ምልክቶቹን በልብስ ቆራጭ ጠማማ ማስመሪያዋ አገናኘቻቸው። ከግራ ጀምሮ ወለል ለወለል የሚሄድ መስመር መሃል ላይ ሲደርስ አንድ ሜትር ያህል ወደ ላይ ተመዝዞ ቆመ፤ ወዲያው ደግሞ ወረደ። እንደ አንቴና። ከዚያ ከዚያው ወረቀት፣ ርዝመታቸው ከመስመሩ እኩል የሆነ፣ ስፋታቸው ግማሽ ሴንቲሜትር የሆነ አሥራ ሁለት ቀጫጭን ቁራጮች ቆረጠች። እያንዳንዷ ቁራጭ ኮከቦቹ በክብ ቢዞሩ በአንድ ዙር የሚለቁት ኃይል ናት። አንቴናው ደግሞ በእውነተኛው መንገዳቸው ሲዞሩ የሚለቁት። ወረቀቱ አንድ ዓይነት ስለሆነ ስፋቱን ክብደቱ ይናገራል። የቀረው መመዘን ብቻ ነው።

የመቀስዋን አካሄድ ብታዩ! ያንን የአንቴናውን ሹል ጫፍ ከእርሳሱ መስመር ሳትወጣ ዞረችው። ሃያ ዓመት ሰሌዳ ላይ ጠመኔ የያዘ እጅ ያንን አይቆርጠውም። ይህን ደፍሬ እላለሁ፤ እኔ ራሴ ሰሌዳ ላይ ኖሬ ስለማውቀው።

ወርቅ ሠሪው ሮበሌ ከአስፋልቱ ማዶ ነው ያለው። በምሳ ሰዓት አብረን ሄድን።

«እትዬ ተናኘ! በመጨረሻ ወርቅ ገዛሽ?» አለ ገና ስንገባ።

«ወረቀት ነው። ትመዝንልኛለህ?»

«ወረቀት? በወርቅ ሚዛን? ሰው ቢያየኝ እኮ ወርቅህም ወረቀት ነው ይለኛል!»

«በሩን ዝጋዋ። ማንም አያይህም፤ ነፋሱም ሚዛንህን ያወዛውዘዋል።»

እያጉረመረመ ዘጋ። አንቴናውን አጣጥፋ በግራ ሳህን አስቀመጠች። በቀኙ ቁራጮቹን አንድ በአንድ እየጠቀለለች መጨመር ጀመረች። አራት። አምስት። ሚዛኑ አልነቃነቅ አለ። ስምንት ላይ ሮበሌ ማጉረምረሙን ተወ። አሥር ላይ ከወንበሩ ተነስቶ አንገቱን አሰገገ።

«ስንት ነው መሆን ያለበት?» አለ በሹክሹክታ።

«አልነግርህም። ሚዛኑ ይናገር።»

አሥራ አንድ፤ የግራው ሳህን አሁንም ከበደ። አሥራ ሁለት፤ የቀኙ በጥቂቱ ወረደ። ተናኘ አሥራ ሁለተኛዋን ቁራጭ አወጣች። ስድስት ቦታ አጠፈቻት፤ አንዷን እጥፋት ቆርጣ ጣለችና የቀረችውን መለሰቻት። የሚዛኑ ምላስ መሃል ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ።

ከዚያ እርሳሷን አውጥታ በመዳፏ ላይ የክቡን ስሌት መልስ፣ ስድስት ነጥብ አራትን፣ በአሥራ አንድና አምስት ስድስተኛ አባዛች። መዳፏን ዘርግታ አሳየችን። ሰባ አምስት ነጥብ ሰባት ይላል።

«ከፈረንጆቹ በምን ያህል ይለያል?» አልኳት።

«ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። እሱም የእኔ መቀስ ነው።»

ሮበሌ ምንም ሳይገባው አጨበጨበ። ከዚያ ያቺን የተጣለችውን ስድስተኛ እጅ ወረቀት ከወለሉ ላይ አንስቶ መሳቢያው ውስጥ አስቀመጠ። እስከዛሬ እዚያው ናት። በኋላ ረጅሙን ቀመር በሎጋሪዝም ሰንጠረዥ ሠርታ አሥራ አንድ ነጥብ ሰማንያ አራት አገኘች፤ የሮበሌ ሚዛን የሰጠው አሥራ አንድ ነጥብ ሰማንያ ሦስት ነበር።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። እኔ ነኝ ያበላሸሁት።

ጥናቱን በመኪና ስጽፍላት አንድ የመጨረሻ ማረጋገጫ ነበረ። የዙሩ ጊዜ በየዓመቱ በጥቂቱ ካጠረ፣ ኮከቦቹ የሚጠጋጉባት ቅጽበት በአሥራ ስድስት ዓመት ውስጥ አሥራ አንድ ሰከንድ ያህል ቀድማ መምጣት አለባት። ይህን ለማሳየት በመጀመሪያውና በመጨረሻው መካከል ስንት ቀን እንዳለ መቁጠር ያስፈልጋል። እሷ በአንድ መስመር ቁጥሩን ብቻ ጽፋ ነበር፦ 5844 ቀን። እኔ እንዴት አገኘሽው አልኳት።

«ቀላል ነው። መነሻው መስከረም 1967 ነው፤ ንጉሡ የወረዱበት ወር። መድረሻው መስከረም 1983። አራት ማቴዎስ፣ አራት ማርቆስ፣ አራት ሉቃስ፣ አራት ዮሐንስ። ጳጉሜን ስድስት የምትሆነው በሉቃስ ነው፤ ስለዚህ አራት ቀን ትጨምራለህ። የፈረንጁም ቀን ያው ነው፤ ቆጥሬዋለሁ።»

ደስታዬ ልክ አጣ። «ይኸው ራሱ ይጻፍ!» አልኳት።

«ቁጥሩ ይበቃል፣ ጋሽ ከበበው።»

«አይበቃም! በገዛ አቆጣጠራችን የኮከብ ጊዜ መለካቱን ይዩት! እነዚህ ዶክተሮች አፍንጫቸውን ይያዙ!»

«እኔ ማንንም አፍንጫ አስይዤ አልገባም። መማር ነው የፈለግሁት።»

ነዘነዝኳት። በመጨረሻ «ስለለፋህልኝ ይሁን» አለችና ተወችኝ። አራቱን ወንጌላውያን በዓረፍተ ነገር ደርድሬ፣ ከሥራቸውም አሰምሬባቸው ጻፍኩ።

መልሱ የመጣው በአዲስ ዓመት ማግስት ነው። መርማሪው ዶክተር አምሐ ናቸው። ደብዳቤው አጭር ነው። «አመልካቿ የፊዚክስን ጊዜ በወንጌላውያን ቆጥረዋል። በዚህም ምክንያት በአሥራ ስድስት ዓመት ውስጥ ሁለት ሰዓት ከሃምሳ ሦስት ደቂቃ ተሳስተዋል። አሥራ አንድ ሰከንድ ለሚፈልግ ጥናት ይህ ተቀባይነት የለውም። ጥያቄው ተዘግቷል።» ስለ ሞላላው መንገድ አንድ ቃል የለም። ስለ ሚዛኑ አንድ ቃል የለም። ያነበቡት እኔ ያሰመርኩባትን ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው።

ዓርብ ዕለት በውይይት ታክሲ ተሳፍረን ቢሯቸው ሄድን። ሁለት ረዳቶች ተቀምጠዋል። ዶክተሩ ክፉ ሰው አይመስሉም፤ ወንበር ሰጡን።

«ወይዘሮ ተናኘ፣ ጥረትዎን አደንቃለሁ» አሉ። ካልኩሌተራቸውን ሳቡ። «ግን ይመልከቱ። አንድ ዓመት 365.2425 ቀን ነው። በአሥራ ስድስት ሲባዛ 5843.88። እርስዎ 5844 ብለዋል። ልዩነቱ ሦስት ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረው። በዚህ መሃል አሥራ አንድ ሰከንድ የት ትገኛለች?»

«ዶክተር፣ 365.2425 የአራት መቶ ዓመት አማካይ ነው» አለች። ድምፅዋ ዝግ ያለ ነበር። «የፈረንጁ አቆጣጠር በአራት መቶ ዓመት ሦስት ቀን ይዘላል። በእነሱ ከ1974 እስከ 1990 ባለው ጊዜ ግን አንድም አልዘለለም። በዚህ መካከል በእኛም አራት፣ በእነሱም አራት ትርፍ ቀን ነው ያለው።»

«አማካዩ ትክክለኛው የዓመት ርዝመት ነው፣ ወይዘሮ። ጳጉሜን ስድስትን ፊዚክስ አያውቃትም።»

ረዳቶቹ ሳቁ።

«ይሁን» አለች። «ከመስከረም አንድ ጠዋት እስከ መስከረም አንድ ጠዋት ያለው ቀን እንዴት ነጥብ ሰማንያ ስምንት ይኖረዋል? ጠዋት ከጠዋት እኮ ነው የምንቆጥረው።»

ዶክተሩ ካልኩሌተራቸውን አዩ። ለአንድ አፍታ፣ እምላለሁ፣ የገባቸው መሰለኝ። ከዚያ ሰዓታቸውን ተመለከቱ።

«ስብሰባ አለብኝ። ውሳኔውም ተፈርሟል።»

እኔ ምን እንዳልኩ አልጽፍም፤ መጽሔቱም አያትመውም። ተናኘ በኮቴ ጭራ ጎትታ አስወጣችኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ ታክሲው ጎተራን እስኪያልፍ ቻልኩ። ከዚያ መናገር ነበረብኝ።

«ያቺ ዓረፍተ ነገር የእኔ ናት» አልኩ። «ቁጥሩን ብቻ ጽፈሽ ቢሆን ኖሮ አይሳለቁብሽም ነበር።»

«ቁጥሩን ብቻ ብጽፍም በዚያው አማካይ ነበር የሚያባዙት» አለች። በመስኮቱ ታያለች። «እኔም እኮ በአማካይ ነው የተሳሳትኩት። ሦስት ወር ሙሉ! ያን ጊዜ አንተ ተሳስተሻል ብትለኝ እሰማህ ነበር? ሰው ራሱ ቆርጦ ካላየ አይሰማም። አትስደባቸው። ይቁጠሩ በላቸው።»

ስፌት ቤቱ ስንደርስ ማሚቴ ከመኪናዋ ቀና አለች። ነገሩን ነገርናት። ማሚቴ ጴንጤ ናት፤ ከማቴዎስና ከሉቃስ ጋር የምትገናኘው በመጽሐፍ ቅዱሷ ብቻ ነው።

«ጳጉሜን ስድስት የለችም አሉ?» አለች። «ታዲያ ባለፈው ሰኞ ስሰፋ የዋልኩት በየትኛው ቀን ነው? ከጠዋት እስከ ማታ ኪስ ስለጥፍ! ወይስ እሷ ቀን ነጥብ ስንት ነበረች?»

ተናኘ ከዓርብ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች ልል ነበር፤ ያው ዓርብ ነው፣ ቀኑ ገና አልመሸም። ቁጣ ቀን ያስረዝማል።

ከዚያ ቤቴ ገብቼ ስለ ዶክተሩ ሰባት ገጽ ጻፍኩ። ጥሩ ገጾች ነበሩ። የትምህርታቸውን ዘመን፣ የመነጽራቸውን ክር፣ የረዳቶቻቸውን ሳቅ፣ ሁሉንም አዳርሼ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ለተናኘ አነበብኩላት። መቀስዋን እንደያዘች አዳመጠችኝ። ስጨርስ ገጾቹን ከእጄ ወስዳ፣ ደርባ፣ ልክ ጨርቅ እንደምትቆርጠው በአንድ ጊዜ ከላይ እስከ ታች ቆረጠቻቸው። ከሰባቱ ገጽ አንዲት ቀጭን ቁራጭ መልሳ ሰጠችኝ። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀርቶባታል።

እኔ ሰው መስደብ እችላለሁ፤ ብዙ ዓመት የኖርኩበት ሙያ ነው። ይህች ሴት ግን አሥራ ስምንት ዓመት ከተዘጋ በር ፊት ቆማ፣ በሩን የዘጋባትን ሰው ራሷ ከሠራችው ስህተት ጋር አስተያይታ ይቅር አለችው። እኔ ይቅር አላልኩም። ጥያቄዋን ግን እንደ ቆረጠችው አድርሳለሁ።

ዶክተር አምሐ፣ ደብዳቤዎን ከፊቴ አድርጌ ነው የምጽፈው። ከፊርማዎ በላይ በገዛ እጅዎ ቀን ጽፈዋል፦ ጳጉሜን 6 ቀን 1987 ዓ.ም.። ፊዚክስ አያውቃትም ያሏት ቀን ናት፤ እርስዎ ግን ያውቋታል። ተናኘን ያሰናበቱት በእሷ ነው። ምዝገባው የሚዘጋው ጥቅምት 5 ነው። ለእኔ ደብዳቤ አይላኩ፣ ቢሮዎም አይጥሩን። በዚህ ሳምንታዊ መጽሔት ላይ፣ በሙሉ ስምዎ፣ አንባቢው ሁሉ እያየ ይመልሱ፤ ከመስከረም 1 ቀን 1967 እስከ መስከረም 1 ቀን 1983 ስንት ቀን ነው?